ከእትዬ ጥሩነሽ በር ላይ የለቀቀው ቀለም

ቀለም የሚገርም ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ቆይልኝ ስትሉት በሁለተኛው ክረምት ተልጦ ይረግፋል፤ ሱሪያችሁ ላይ ያረፈች አንዲት ጠብታ ግን ሱሪው አልቆ የወለል መወልወያ ከሆነ በኋላም እዚያው ናት። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄአለሁ። ሌላው ሰው ስለ ኳስና ስለ ስኳር ወረፋ ሲያወራ፣ እኔ ምን ምኑን እንደሚያስለቅቅ ስመራመር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚስቴ ይህን ጠባዬን እንደ በሽታ ነበር የምታየው።

ምርምሬ ግን ፍሬ አልባ አልነበረም። መስታወት ላይ የደረቀ ቀለም በሳሙና ውሃ ረስርሶ በጋደመ ምላጭ ሲገፋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲደፋ ጨርቅ ይዞ የሚሮጥ ሰው ኩሬውን ሐይቅ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም፤ መጀመሪያ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነስንሶ ማስጠጣት፣ ከዚያ ጠርጎ ማንሳት፣ የቀረውን በላምባ ማሸት ነው። ልብስ ከሆነ የሚታሸው ከጀርባው ነው፤ ሙቅ ውሃ በአጠገቡ አይለፍ። እጅ በምግብ ዘይት ይለቃል፣ ዘይቱ ከተገኘ። በዚያ ዘመን ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚገኝ፣ እጃችን አረንጓዴ እንደሆነ ድንቹን መጥበስ እንመርጥ ነበር። ያስቸገረኝ እንጨት ብቻ ነው። እንጨት ይጠጣል።

ያ ዘመን ያልኳችሁ የደርግ ዘመን ነው። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳንርቅ፣ ስድስት ቤተሰብ ሆነን አንድ ግቢ ውስጥ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለምሠራ በግቢያችን እንደ ታላቅ ምሁር እቆጠራለሁ። ማመልከቻ የምጽፈው እኔ፣ የመጣ ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ ቋሚዋ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው አልማዝ አሰብ ተቀጥራ የሄደችባቸው ሴት ናቸው። አልማዝ በየወሩ ትጽፋለች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፣ እትዬ ጥሩነሽ አገጫቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ «ለጋሼ ዘነበ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ» የሚለው ጋ ስደርስ፣ እትዬ ጥሩነሽ «ምን ያለችው ጨዋ ናት!» ብለው አንድ ብርጭቆ ጠላ ይቀዱልኛል። ጠላቸው የሰፈሩ አንደኛ ነበር። ይህን ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እትዬ ጥሩነሽ ተመዘገቡ። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ሴቶች ተገደው ሲሄዱ እሳቸው ቀድመው ነበር የሚደርሱት። ደብተር ግን አልወደዱም። «ደብተር ትራስ ሥር ገብቶ ይረሳል፤ በር ግን በቀን መቶ ጊዜ ይዘጋል» ብለው ፊደሉን በሙሉ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ በከሰል በበራቸው ጀርባ ላይ ጻፉት። በሩን በዘጉ ቁጥር አንድ ረድፍ ያነባሉ። እኔም ስንት ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ በር እንደሚዘጋ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የአብዮቱ በዓል ደረሰ። በዓሉ ሲመጣ መንገድ ዳር ያለ አጥርና በር ሁሉ ይቀባ የሚል ትእዛዝ ከቀበሌ ይወርዳል፤ የእትዬ ጥሩነሽ በር ደግሞ ወደ መንገዱ ነው የሚከፈተው። በሩን ገርበብ አድርገው ጌሾ ሊገዙ አብነት ሰፈር በሄዱበት ቀቢዎቹ መጥተው የበራቸውን ፊት አረንጓዴ ቀቡ። ቀለም ተረፋቸው። ከደግነታቸው ብዛት ጀርባውንም ቀቡላቸው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩነሽ የእኔን በር አንኳኩ።

«ዘነበ፣ አንተ ቀለም ታስለቅቃለህ አሉ።»

«ከምን ላይ ነው እትዬ?»

«ከፊደል ላይ።»

ገብቼ አየሁት። በሩ እንደ ጎመን ማሳ አረንጓዴ ሆኗል። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም፤ ጣቴ ላይ ያዘኝ።

«ቅዳሜ ፈተና ነው» አሉኝ። «ከወደቅሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አሁንም ስንት ወር ሙሉ ልጄ ያለችኝን በሌላ ሰው ጉሮሮ ልስማ?»

ሌላ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም። ግን ከመከፋቴ ይልቅ ጉጉቴ በለጠ፤ ከላይ ያለውን ቀለም አስለቅቆ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማትረፍ ይቻላል ወይ? እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አብነት ካለ አናጢ ወዳጄ ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ በጠርሙስ ተበደርኩ፣ ከቤቴ ላምባ ቀዳሁ፣ አሮጌ ካናቴራ ቀደድኩ። በሩን ዘጋን። በሩን የዘጋነው ጀርባው ላይ ለመሥራት ብቻ አይደለም፤ ቀበሌ የቀባውን ሲፍቅ የተገኘ ሰው ምን ሊባል እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን።

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ከጥግ ሞከርኩ። ጨርቁን በላምባ አርሼ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳልጫን አሸሁ። አረንጓዴው እሺ ብሎ ተነሳ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጨርቁን ገልብጬ ሳየው ግን አረንጓዴ ብቻ አይደለም፤ ጥቁርም አለበት። ከሰሉ እንጨቱን ትቶ ከቀለሙ ጋር ሄዷል። የታችኛው ረድፍ ይተርፍ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ፣ መካከሉ ይተርፍ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ፣ አኳራጁንም ጨመርኩበት። አመሻሽ ላይ በሩ ከአናጢው እጅ እንደወጣ ዕለት ንጹሕ ሆነ። በዕድሜዬ እንዲህ አድርጌ ያስለቀቅሁት ቀለም የለም። አንዲት ፊደል እንኳን አልተረፈችም።

እትዬ ጥሩነሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። «ይቅርታ እትዬ፣ እኔ እኮ ላተርፈው ነበር» አልኩ።

ተነሱ። ከላይ ከግራው ጥግ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ ሀ ነበረች» አሉ። «ከጎኗ ሁ።» ጣታቸው ባዶውን እንጨት እየዳሰሰ ሄደ፤ ለ፣ ሐ፣ መ። መካከል ላይ አንድ ቦታ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ቦታውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው እንደገና ጀመሩ። ጎንበስ ብለው ታችኛው ጥግ ላይ ፐን እስኪነኩ ድረስ እኔ ላምባ የነካ ጨርቄን ይዤ ቆሜ ነበር።

«እትዬ፣ በሩ ላይ እኮ ምንም የለም» አልኳቸው።

«ለአንተ አይታይህም» አሉኝ።

ቅዳሜ ፈተናውን አለፉ። የምስክር ወረቀታቸውን በዚያው በር ጀርባ ለጠፉት። ከቀበሌም ስለ በሩ ጀርባ የጠየቀ የለም። እኔም በግቢው እየተጎማለልኩ የእትዬ ጥሩነሽ መማር የኔ ሥራ እንደሆነ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

ጥቂት ሳምንት ቆይተው አስጠሩኝ። ስገባ የአልማዝ ደብዳቤዎች በሙሉ፣ የሦስት ዓመት ደብዳቤ፣ ከሚቀመጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ወጥተው አልጋው ላይ ተደርድረዋል። ተቀመጥ እንኳን አላሉኝም።

«ዘነበ» አሉ፣ «ሁሉንም አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። ያቺ ሰላምታ የት ላይ ናት?»

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይህ ነው። አልማዝ አንድም ቀን ሰላም ብላኝ አታውቅም። የመጀመሪያዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ ለቀልድ ያህል፤ ጠላው ሲቀዳ ጊዜ ግን ሁለተኛዋን ማስቀረት አቃተኝ። ወለሉን አየሁ። ወለል ላይ ለፈሰሰው ሁሉ መድኃኒት አውቃለሁ፤ ለዚህኛው አላውቅም። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። እትዬ ጥሩነሽ ደብዳቤዎቹን ሰብስበው ቆርቆሮው ውስጥ መለሱ። ጠላም አልተቀዳም።

በማግስቱ ፖስታ ይዘው በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ፖስታ ቤት ሲወጡ አየሁ። አድራሻውን ራሳቸው ነበር የጻፉት።

ወሩ ሲሞላ ከአሰብ መልስ መጣ። ጠሩኝ። ይህን ጊዜ በርጩማው ወጥቷል፣ ብርጭቆውም ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደብዳቤውን ዘረጉልኝና ከታች በኩል አንድ መስመር በጣታቸው አሳዩኝ።

«እኔ አንብቤዋለሁ። አንተም አንብበው። ጮክ ብለህ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ለጋሼ ዘነበ፣ እናቴ ሰላም በዪው ስላለችኝ፣ ሰላም ብዬዋለሁ።»

ምንም አልቀነስኩም፣ ምንም አልጨመርኩም። እትዬ ጥሩነሽ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው፣ ጣታቸውን ከኔ ድምፅ ጋር እኩል እያስኬዱ፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ተከተሉኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፉት።