«እስቲ እኔ ማን ነኝ?» የሚሉት አጎት

በየዘመዱ መሃል አንድ ፈታኝ አይጠፋም። ሰው ሲታመም ዘመድ በየፈርጁ ነው፤ አንዱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አንዷ እንባዋን አዘጋጅታ ትመጣለች፣ ሌላው ባዶ እጁን መጥቶ የጎረቤቱን መድኃኒት አዝዞ ይሄዳል። ፈታኝ ግን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። ሕመሙ የመርሳት ሕመም ከሆነማ ፈታኝን የሚያቆመው ምድራዊ ኃይል የለም። ጫማውን ሳይጠርግ፣ ወንበር ሳይስብ፣ ፊቱን በሽተኛዋ ፊት ላይ ደቅኖ «እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ከመለሰች ጎበዙ እሱ ነው፤ ካልመለሰች ጥፋቱ የአስታማሚዋ ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ከማወቅም አልፋ ትዛመደው ነበር። የሷ ፈታኝ አጎቷ ነበሩ፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም።

እሳቸው ደግሞ እንደሌላው በልማድ የፈተኑ አይደሉም፤ ተምረውበታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ቀብረው፣ «ቀጥል» እና «አቁም» ከማለት በቀር ሳይተነፍሱ የስንቱን ጎረምሳ ጉልበት አብረክርከዋል። ፍሬቻ ማሳየት የረሳ፣ ስፖኪዮ ያላየ፣ ዳገት ላይ መኪና ያንሸራተተ እሳቸው ዘንድ ምሕረት የለውም። «ወድቀሃል። በርታ።» ፍርዱ ይኸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን አስረከቡ እንጂ ሥራውን አላስረከቡም። ቤተሰቡ በሙሉ «ፈታኙ» ይላቸዋል፤ ፀጉር ሠሪዋ ሲከፋት ደግሞ በሆዷ «ሊቀ ጠያቂያን» ትላቸዋለች።

ፀጉር ሠሪዋ እናቷን ለመጠበቅ ስትል የቤቱን የፊት ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋዋለች። ሁለት መስታወት፣ አንድ መታጠቢያ፣ አንድ የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የማይሠራ ካስክ። እናቷ በማይሠራው ካስክ ሥር ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። አጥፋ ስትጨርስ ልጅየዋ ቀስ ብላ ትፈታውና መልሳ ትሰጣታለች፤ እናቷም «ሥራ በዛብን እኮ» እያለች እንደ አዲስ ትጀምራለች። እንዲህ እየዋለች ደህና ናት። ልጅየዋ ከብዙ መከራ በኋላ አንድ ብልሃት ተምራለች፤ አትጠይቃትም። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ፣ ሻይ አምጥቼልሻለሁ» ትላታለች እንጂ «ማን ነኝ? ምን አመጣሁልሽ?» አትላትም። ያ ብልሃት ቤቱን ያኖረዋል።

ፈታኙ ሲገቡ ግን ሁሉም በአንዴ ይናዳል።

«እታለም! እስቲ እኔ ማን ነኝ?»

እናቷ መጀመሪያ አካባቢ ማምለጡን ትችልበት ነበር። «አንተማ አንተ ነህ እንጂ!» ትላለች። ደንበኞች ይስቃሉ። «ይሄ መልስ አይደለም፤ ከጥያቄ መሸሽ ነው» ይላሉ ፈታኙ። «መሪውን ያዢ፣ እታለም! ስሜን ነው የምጠይቅሽ።» «ምነው፣ ስምህ ጠፋብህ እንዴ?» ትላቸዋለች። እንዲህ እንዲያ እያለች ብዙ ጊዜ አለፈች። እያደር ግን ማምለጫውም ጠፋት። አንድ ቀን ረጅም ሰዓት አየቻቸውና ፊቷ በራ፤ «ቆጣሪው በጓሮ ነው፤ ውሻ የለም፣ ግባ» አለቻቸው። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ መስለዋት ነው።

ፈታኙ እንዲህ ሲሆን ዝም አይሉም። በር ላይ ቆመው ለዘመድ አዝማድ ይደውላሉ። «ዛሬ ወድቃለች» ይላሉ። ወይም «ዛሬስ ለጥቂት አልፋለች፤ የኔን ስም ብትስትም የአባታችንን አስታውሳለች።» ከዚያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረው፣ «ታለማምጃታለሽ ወይ? ልምምድ ነው ዋናው» ይሏታል። እሷም የደንበኛ ፀጉር በእጇ እንደያዘች «እሺ ጋሼ» ትላለች። እሺ ከማለት በቀር ምን ትላለች፤ አጎት ናቸው።

እሷን የሚያንገበግባት ግን ስልኩ አልነበረም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የሚሆነው ነው። እናቷ ፎጣውን ትተዋለች። የቀሚሷን ጫፍ እየቆነጠረች በሩን ታያለች። «ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ አይደል? ምን አጠፋሁ?» ትላለች። «ምንም አላጠፋሽም፣ እማዬ።» «እንዴት ምንም? ተቆጥቷል እኮ። አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር፤ ምን ነበር የጠየቀኝ?» ይህ እስከ ማታ ይደጋገማል። ሰውዬውም ጥያቄውም ከአእምሮዋ ወጥተው ጭንቀቱ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ልትነግራቸው ቆረጠች። ቃሉን መስታወት ፊት ተለማመደችው። «ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ባይመጡ ደስ ይለኛል» ስትል ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ሰምታ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» ብላ ብድግ አለች። ይቅርታ ጠይቃ፣ ሻይ አጠጥታ ነው ያስታረቀቻት።

የሚነገርበት ቀን ደግሞ ቅዳሜ ሆነ፤ ቤቱ ጢም ያለበት። የእናቷን ፀጉር ከደንበኛ በፊት ጀምራላት፣ ግማሹን በቢጎዲን ጠቅልላ ሳትጨርስ ሰው ገባባት። አንዷ ደንበኛ ራሷን እያስታጠበች ነው፤ ቀይ ኮቷ፣ ወርቃማ ቁልፎች ያሉት አዲስ ኮት፣ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ፈታኙ ገቡ። ዛሬ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ከደረት ኪሳቸው አንድ አሮጌ ፎቶ አወጡ። አንዲት ኮረዳና ከጎኗ ጆሮው የቆመ አንድ ቀጫጫ ልጅ።

«እታለም፣ ይሄ ማን ነው?»

እናቷ ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ማሙሽ» አለች ወዲያው።

ፈታኙ ደንበኞቹን ዞረው አዩ፤ ያየ ሰው ሽልማት የወሰዱ ይመስለዋል። «አያችሁ? አላልኳችሁም? በሥርዓት ከተጠየቀች ትመልሳለች! በይ እታለም፣ ማሙሽ ማን ነው? እኔ አይደለሁም?»

እናቷ ፎቶውን አየች። ቀና ብላ እሳቸውን አየች። ደግማ ፎቶውን አየች። ከዚያ ክፉ ወሬ እንደሚያረዳ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተ እንዴት ማሙሽ ትሆናለህ? አንተ እኮ ሽማግሌ ነህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ አልሳቁም። «ወድቃለች»ም አላሉ። ፎቶውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ወጡ፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ሞተር ግን አላስነሱም። ፀጉር ሠሪዋ እጇን በፎጣ እያደረቀች ተከተለቻቸው። አሁን ካልነገርኳቸው መቼም አልነግራቸውም አለች በሆዷ። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። እማዬ እርስዎ ሲመጡ…» ማለት ጀመረች።

ከበሩ ላይ ጩኸት ተሰማ። «ኮቴ! ኮቴ የለም!» ራሷ በፎጣ የተጠቀለለው ደንበኛ ናት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ፣ «ኧረ የምን ኮት! እማማም የሉም!»

የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጓሮው ቀጥሎ ቅያስ ነው፤ ከቅያሱ ቀጥሎ የጭነት መኪና የማይቋረጥበት ትልቁ አስፋልት።

«ግቢ» አሉ ፈታኙ። ሌላ ቃል የላቸውም። ገባች።

እዚህ ላይ ስለ አነዳዳቸው አንድ ነገር መነገር አለበት። ያ ስንቱን የጣለ ሰው የእጅ ፍሬኑን ሳያወርድ ነው የተነሣው። ፍሬቻ አሳያለሁ ብሎ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሣ። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀቀና ሞተር ጠፋበት፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላ ያለው ጎረምሳ ጡሩንባውን ለቀቀው። «አባት! መንጃ ፈቃድ ማን ሰጠዎት?» ፈታኙ አልሰሙትም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ፀጉር ሠሪዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ያየችው ነጠላ ለባሽ ሁሉ እናቷ ይመስላታል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አላየኋቸውም አለች። ዳቦ ሻጩም አላየሁም አለ። ጫማ ጠጋኙ ግን መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ቀይ ኮት ያቀፉት? ወደ አስፋልቱ ወረዱ» አለ። ወደ አስፋልቱ! ሲደርሱ መንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ክብ ሠርቶ፣ አንገቱን አቅርቅሮ፣ መሬት መሬቱን ያያል። እንዴት ከመኪና እንደወረደች አታውቅም፤ ሰውን በክርኗ እየገፋች ገባች። መሃል ላይ የወደቀ ሞተር ብስክሌትና የተዘረገፈ ቲማቲም ነበር። ባለቤቱ ደህና ነው፤ እየተሳደበ ይለቅማል። አንዷን ቲማቲም አንስታ እጁ ላይ አኖረችለትና፣ ሳታስበው እንባዋ መጣ።

ስትመለስ ፈታኙ መሪው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈዋል። ድንገት ቀና አሉ። «ኳስ ሜዳ» አሉ።

«የቱ ኳስ ሜዳ?»

«ልጅ ሆኜ የዋልኩበት» ብለው ሞተር አስነሡ። ጥያቄ ሲመልሱ የሰማቻቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሜዳው ግማሹ ተወስዶ መጋዘን ተሠርቶበታል። በቀረው ግማሽ ላይ ሕፃናት ኳስ ይሯሯጣሉ። እናቷ ዳር ላይ፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች። ቀዩ ኮት በሥርዓት ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። በአንድ በኩል ፀጉሯ በቢጎዲን፣ በሌላው በኩል ነፋስ እንደፈለገ።

ፀጉር ሠሪዋ ልትሮጥ ስትል ፈታኙ ቀደሟት። እህታቸው ፊት ሄደው ቆሙ። እሷም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ፀሐዩን ከልላ አየቻቸውና መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው እንደሚጠሩት ጠራቻቸው።

«ወንድሜ» አለች። «ወንድሜን አይተኸዋል?»

ፈታኙ አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ «ማን ነኝ?» የምትል ጥያቄ ስትመጣ ለፀጉር ሠሪዋ ታየቻት። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ከእህታቸው ጎን ተቀመጡ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ቀጭን ነው። ጆሮው ይቆማል። ስሙ ማሙሽ ነው፤ ሌላም አለው፣ የትምህርት ቤት።» ዓይኗን ከሕፃናቱ ላይ አትነቅልም። «ሲፈራ ይጠይቃል። እንደሌላው ልጅ አያለቅስም፣ ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ‹እታለም፣ አለሽ?› ይለኛል። ‹አለሁ› እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ‹አሁንስ?› ይላል። አባታችን ይቆጣዋል። እኔ ግን እመልስለታለሁ። ልጅ ነው፤ ፈርቶ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ከኋላቸው ቆማ የአጎቷን ማጅራት ታይ ነበር። ቀጭን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስታያቸው እንደዚያ ቀጭን መሆኑን ልብ ብላ አታውቅም።

እናቷ ዞር አለች። «አንተ ደግሞ ትንቀጠቀጣለህ። ምነው፣ በርዶህ ነው?» መልስ አልጠበቀችም። ኮቱን አራግፋ ዘርግታ ያዘችላቸው። «በል፣ እጅህን አስገባ።»

«የልጁ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ሲሮጥ ውሏል፣ አይበርደውም። አስገባ እንጂ!»

ፈታኙ እጃቸውን አስገቡ። እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። እሷ ወርቃማ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆለፈችላቸው። ኳስ የሚጫወቱት ሕፃናት ጨዋታውን አቁመው ተሳሳቁ። እሳቸው ዞረውም አላዩአቸው።

«ማሙሽ ቤት ገብቷል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያደረስኩት።»

«በልቷል?»

«በልቷል።»

«ተመስገን» አለችና ክንዳቸውን ይዛ ተነሣች።

በመልስ መንገድ ሞተሩ አልጠፋም። ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ ደንበኛዋ በር ላይ ናት፤ ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ዓይኗ ቀልቶ። መጀመሪያ አሮጊቷን አየች። ቀጥላ ኮቷን አየች፣ ቀጥላ የለበሱትን ሽማግሌ። «ያምርብዎታል ጋሼ» አለች። ፈታኙ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። እህታቸው ፎጣዋን ይዛ እስክትረጋጋ ድረስ ኮቱን ለማውለቅ እንቢ አሉ።

ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ቅድም የጀመርሽው ነገር ነበር፣ ልጄ።»

ፀጉር ሠሪዋ ያን ቃል ስንት ቀን ተለማምዳዋለች። «ነገም ይምጡ ልል ነበር» አለች።

ሊቀ ጠያቂያን ሥራቸውን እርግፍ አድርገው ተዉ ቢባል ውሸት ነው። ዛሬም አንዳንድ ቀን ያመልጣቸዋል፤ ዛሬም ይደውላሉ። የጓሮው በር ቁልፍ ተበጅቶለታል፤ የፀጉር ሠሪዋ ጆሮ ግን አሁንም እጇ ሥራ ላይ እያለ ወደዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አዲስ ጭንቀት ጨምራለች። የመኪናቸው ድምፅ ሲዘገይባት የደንበኛዋን ራስ ካስክ ሥር ታስገባና፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደጅ ወጥታ መንገዱን ግራና ቀኝ ታያለች።

«የት ጠፍተው ነው ጋሼ?» ትላቸዋለች ሲደርሱ፣ በቁጣ።

«ማቆሚያ ስፈልግ ነው» ይላሉ። የፀጉር ቤቱ ደጅ ግን ወለል ያለ ባዶ ነው።

ሌላ አትጠይቃቸውም፤ በሩን ትከፍትላቸዋለች። ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ጆሮዋን ግን ለእህትም ለወንድምም ከፍላ።