አሮጌ ሞተር ያለው አማች

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ይነዳዋል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ! በኩፖን ያገኛትን ቤንዚን እንኳ ብሎን ያጥብባታል።

የቦሳ ኪቶ ሰፈሩ ኦቦ ጀማል ጣሊያን ጥሎት የሄደ ሞተር አላቸው። የአሰንዳቦው ነስሩ ልጃቸውን ዘሃራን ቢጠይቅ፣ «ሞተሩ ሳይነሳ አልድርም» አሉት። ምስኪን፣ ክረምቱን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ብረት ሲፈታ ከረመ።

በመጨረሻ ኦቦ ጀማል ከመኪና አክስል ያስቀረጹትን ካምሻፍት የሚሉትን የሞተር ዘንግ በከሰል አግለው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከሩት። ሲበርድ እኔም አጠገባቸው ቆሜ እያየሁ ሞረድ አስጠጉ። ሞረዱ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ሰርጉም ቀረ ማለት ነው። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ! ስንት ግጥም ስጽፍ አንድ ቃል እንኳ እንዲህ ጠንክሮልኝ አያውቅምና ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ነስሩ ሊጨፍር ሲነሳ ኦቦ ጀማል ያዙት።

«ቆይ እስቲ! ይሄ ዘንግ በምን ላይ ይዙር? በብረት ኩሽኔታ ነው በነሐስ ቀለበት፣ በብሮንዚና?»

ነስሩን ላብ አጠመቀው። «በነሐስ፣ ኦቦ። ሁለቱም ከጠነከሩ ይበላላሉ። አንዱ ለስላሳ ሲሆን ሌላው ዕድሜ ያገኛል። ዘሃራ ብረት ናት፤ እኔ ነሐሱን ልሁን።»

ዘሃራ ከበሩ ጀርባ፣ «ነሐስ እኮ ዘይት ካላገኘ ይጮሃል!» አለች።

ኦቦ ጀማል እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቶሌ፣ እሺ! ወላሂ፣ ሞተሩ ይቆይ፤ ሰርጉ ይቅደም» አሉና የዘይት ጣሳቸውን አንስተው ነስሩን አስታቀፉት። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ምርቃት እስካሁን አልሰማሁም።