ለፍሬን የተዋስኩት እግር

ሰው ብቻውን የማይሠራቸው ሥራዎች እንዳሉ ያወቅሁት በስተርጅና ነው። በጎልማሳነቴ ብትጠይቁኝ «እንዲህ ያለ ሥራ የለም» ብዬ እሟገታችሁ ነበር። ጭቃ ብቻዬን አቡክቼ ቤት መርጌያለሁ፤ ጣሪያ ብቻዬን መትቻለሁ፤ የላሜራ ቅጥቀጣንም የተማርኩት አስተማሪ ኖሮኝ ሳይሆን በሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉኝ፣ ሃምሳ ሰው ከያዘው ሎሚ መድረሻው ላይ ስንቱ እንደሚገኝ እናንተው ገምቱት እላቸው ነበር። ቆጣሪ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ብሎን ሳልቆጥር አልፈታም፣ ሳልቆጥርም አልገጥምም። በሕይወቴ አንድ ብሎን ተርፎኝ አያውቅም። ይህን የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ወይ እኔ ነኝ ወይ ውሸታም ነው።

ዕድሜ ሲገፋ ግን ሰው የሚፈልገው ሥራ እየበዛ ይመጣል። የታጠበ ጋቢ ለመጭመቅ ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ጀርባ መሀል ላይ እጅ የማይደርስባት ቦታ አለች፤ ፈጣሪ ሰው ከሰው እንዳይርቅ ብሎ የተዋት ይመስለኛል። የሁሉም የበላይ ግን ፍሬን ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። የመኪና ፍሬን ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ እንደ ክረምት ጭቃ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። አየሩን ለማውጣት አንድ ሰው መሪው ኋላ ይቀመጥና ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ፣ በመጨረሻ እንደረገጠ ይይዘዋል። ሌላው ከጎማው ሥር ተጋድሞ ትንሿን ብሎን ያላላታል። ዘይቱ አየሩን እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል። ብሎኗ ከጠበቀች በኋላ ነው የረጋጩ እግር የሚነሳው። ቀድሞ ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ድካም ሁሉ ከንቱ። እንግዲህ አንድ ሰው እግሩ መሪው ሥር፣ እጁ የኋላ ጎማ ሥር ሊሆን አይችልም። መኪናዬ አጭር ናት፤ ያን ያህል ግን አጭር አይደለችም።

መኪናዬ ያልኳችሁ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጀርባዋ ተንሸራታች፣ ከመሬት የተጣበቀች ባለ ሁለት በር የጃፓን የሩጫ መኪና ናት። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ የውጭ አገር ሰው ሆለታ መንገድ ላይ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጭቷት፣ አየር ጤና እሠራበት የነበረው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ትቷት ወደ አገሩ ሲሄድ በብረት ዋጋ ለቀቀልኝ። ቀራንዮ ወዳለው ቤቴ በጋሪ ነው ያስገባኋት። ፊቷን ከበርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ሠራሁላት። የጎደላትን ከጭነት መኪና፣ ከታክሲ፣ ከውኃ ፓምፕ ሳይቀር እያመጣሁ፣ የሚበልጠውን እየሞረድኩ፣ የሚያንሰውን እየደራረብኩ ነፍስ ዘራሁባት። ለመግባት ወገብ መታጠፍ ስላለበት የሰፈሩ ሰው «ጎንበስ» ብሎ ሰየማት።

አብዮቱ ሲመጣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የእኔም አጥር ለአጥር የነበረችው የኪራይ ቤት ሄደች። ኋላ ደግሞ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ጎንበስን ሊያዩ መጡ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው መቀመጫ ፈልጎ ዞራት፣ ኮፈኗን አስከፈተ፣ የኋላውን አስከፈተ። ቦታ የለም። ሁለቱ እንዳይሄዱ ሦስተኛውን ትተው መሄድ ከባድ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ብቻቸውን ለመላክ አላመናቸውም። ትተዋት ሄዱ። ጎንበስን ያዳናት ጥበቤ ሳይሆን ጠባብነቷ ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን ፍሬን የምትረግጥልኝ ባለቤቴ ጥሩነሽ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ፣ የምስር ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እየለቀመች ትረግጣለች። «ያዢ!» ስላት ትይዛለች፤ «ልቀቂ!» ስላት ትለቃለች፤ በመሀሉ ማን ልጅ እንዳጨ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ትነግረኛለች። የሰፈሬን ወሬ ሁሉ የሰማሁት መኪና ሥር ተጋድሜ ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። የሚነግረኝ ቢኖርም የምጋደምበት ምክንያት አልነበረኝም።

እሷ ካረፈች በኋላ በአንዱ ዓመት የጎንበስ ፍሬን አፈሰሰ። ጎሚኒ የምንላቸውን ትንንሽ ላስቲኮች ለፒካፕ ከተሠሩ ላይ ቆርጬ ቀየርኩ፤ ቀሪው አየሩን ማውጣት ነው። የዓመቱ የመኪና ምርመራ ደግሞ ማክሰኞ ነበር። ካላለፈች ታርጋዋ ይፈታል፤ ታርጋ የሌላት መኪና የቤንዚን ኩፖን የላትም፤ ኩፖን የሌላት መኪና በዚያ ዘመን የዶሮ ቤት ናት። የእኔና የጥሩነሽ ሥራ ዶሮ ሊሰፍርበት ነው ማለት ነው። የነበረኝ የፍሬን ዘይት አንድ ጣሳ ብቻ። ሌላ ከየትም አይገኝም።

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ፤ ልማድ ክፉ ነው። የመጥረቢያ እጀታ በፔዳሉና በመቀመጫው መሀል ወጥሬ ሮጬ ሥር ገባሁ። ብሎኗን ሳላላት ፔዳሉ ሰመጠ፣ እጀታው ወደቀ፣ ፔዳሉ ተመልሶ ብድግ አለ፤ አየሩም እንደ ባለ ርስት ተመልሶ ገባ። ጎረምሳ ልጥራ እንዳልል፣ ለውትድርና በሚታፈስበት ወራት ጎረምሳ ያለው ቤት «ልጅ የለም» ነው የሚለው። ጋራዥ ልውሰዳት እንዳልል፣ ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ማን ይወርደዋል? የቀረኝ አንድ ጎረቤት ነው።

እሱም ደበላ ነው፤ የተወረሰችው ቤቴ ተከራይ የነበረ ልብስ ሰፊ። ከአዋጁ በኋላ ኪራዩን ለቀበሌ እየከፈለ እዚያው ኖረ። አልተጣላንም። እኔ ሳየው ኪራይ ልጠይቀው የመጣሁ እንዳይመስለው አንገቴን እደፋለሁ፤ እሱ ሲያየኝ ቤቴን የቀማኝ ይመስለውና መንገድ ይቀይራል። ሳንጣላ እንዲህ ዓመታት ተኳረፍን። ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር፤ ሳይጣሉ የተኳረፉ ሰዎችን ማን ያስታርቃል?

ቅዳሜ ጠዋት የቆርቆሮ በሩን አንኳኳሁ። ከፍቶ ሲያየኝ መልኩ ተለወጠ።

«ጋሽ ታፈሰ! ምነው በደህና? ቤቱ ተመለሰልዎ እንዴ?»

«ቤቱን አይደለም፣ እግርዎን ፈልጌ ነው።»

«እግሬን?»

«አዎ፣ ቀኙን። ለግማሽ ቀን።»

ነገሩን ሳስረዳው ወደ እግሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ፔዳል ከሆነማ» አለ፣ «ዕድሜዬን የበላው ፔዳል አይደል?» ከዚያ «ቆይ» ብሎ ገባና ጥቁር የተወለወለ ጫማ አድርጎ ወጣ። ሠርግ የጠራሁት ነው የሚመስለው።

እኔ ሥር ገባሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ ጭንቅላቱን አጋጭቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ። «እባክዎ ይርገጡ» አልኩ። ረገጠ፤ ግን እንዴት ያለ መርገጥ! ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፤ ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየረገጥኩ።»

«ደበላ፣ ሱሪ እየሰፋህ አይደለም! በዝግታ ርገጥና ያዝ!»

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ረግጦ ያዘ። ብሎኗን ሳላላት ግን እግሩ ብድግ! ፔዳል ተረግጦ እንዲቆይ ማድረግን ያ እግር አያውቀውም። የልብስ መኪና ፔዳል ሲወርድ ለመነሳት ነው፤ ስንት ዓመት የለመደውን በአንድ ጠዋት እንዴት ይተው? አየሩ ተመልሶ ገባ። ዘይቱ ፊቴ ላይ ተረጨ።

«አነሳኸው!»

«እሱ ራሱ ተነሳ እኮ! እኔ አላዘዝኩትም!»

ሳቄ መጣ። መኪና ሥር ተጋድሞ መሳቅ ሆድን ያማል፤ በተለይ ለረዥም ጊዜ ላልሳቀ ሰው። እሱም ከላይ ሲስቅ መኪናዋ ተወዛወዘች። በመጨረሻ መላ ያገኘው እሱ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ተጭኖ መያዝ። «ያዝ!» «ያዝኩ!» «ልቀቅ!» «ለቀቅኩ!» እየተባባልን ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሄድን። «እርስዎ» የምትባለዋ ነገር የመጀመሪያው ጎማ ላይ መቼ እንደወደቀች አላስታውስም።

ሦስተኛው ጎማ ላይ፣ ጉልበቱን ተጭኖ እንደያዘ፣ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ጉታ ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤ የለም።»

ጉታ አንድ ልጁ ነው። መዝመቱን አልሰማሁም ነበር።

«እናቱም ቤቱን ማየት አቃተኝ ብላ አምቦ ወንድሟ ጋ ሄደች። ቤቱ ሰፋኝ፣ ታፈሰ። ልክ ሳይወሰድ እንደተሰፋ ልብስ ላዬ ላይ ይንጠለጠላል።»

ትርፍ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አዋጁ በዝርዝር ነግሮን ነበር፤ የገባኝ ግን ያኔ ነው። «ልቀቅ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ብሎኗ ጠብቃለች፤ እሱ እንደያዘ ቆየ፤ እኔም እንደተጋደምኩ ቆየሁ።

አራተኛው ጎማ ላይ አረፋ ቆመ። የሚወጣው ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ነው።

«እንዴት ነው ፔዳሉ? ጠነከረ?» አልኩ።

ከላይ ፔዳሉን አንዴ ረገጠው። ከዚያ «ገና ነው» አለ፣ «ትንሽ ይሰምጣል።»

አረፋ የሌለው ፍሬን አይሰምጥም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጣሳዬ ውስጥ የቀረችው ዘይት ደግሞ ለክፉ ቀን የምትቀመጥ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ከሥር ወጥቼ፣ ፔዳሉን በእጄ ተጭኜ፣ «ይኸው ድንጋይ!» ብዬ ባፋጠጥኩት።

«እንግዲህ እንደገና» አልኩ። «ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

ጥርት ያለ ዘይት መሬት ላይ አፈሰስኩ፤ እኔ፣ ብሎን ቆጣሪው። የጣሳው ሥር እስኪታይ ድረስ «ገና ነው» ሲል እኔም «እንደገና» ስል ዋልን።

ማክሰኞ ወደ ምርመራው ወረድኩ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ነድቶ ፍሬኑን ሲረግጠው ግንባሩ ከመስታወቱ ለጥቂት ተረፈ። «አባባ፣ ይቺ ፍሬን አይደለችም፣ ግድግዳ ናት!» ብሎ አሳለፈኝ።

ስመለስ ደበላ በሬ ላይ ቆሟል። ሥራ እንኳ አልሄደም።

«እንዴት ሆነ?»

ልብ በሉ። «አለፈች» ብል ነገሩ አለቀ። «እንኳን ደስ አለህ» ይለኝና ወደ ቤቱ ይገባል፤ እኔም ወደ ቤቴ። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ መተያየት ነው።

«አለፈች» አልኩት። «ግን መርማሪው አንድ ነገር አዟል።»

«ምን አዘዘ?»

«አሮጌ ስለሆነች ፍሬኗ ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት ሰው እንዲታይ።»

ደበላ ትክ ብሎ አየኝ። የሰው ትከሻና ወገብ በዓይኑ ሲለካ የኖረ ሰው ነው፤ የውሸቴንም ቁመትና ስፋት ለክቶ የጨረሰ መሰለኝ።

«በሁለት ሰው?»

«በሁለት ሰው።»

«እንግዲህ መንግሥት ካዘዘ» አለና የጫማውን አቧራ አራገፈ፣ «ምን ይደረጋል?»

በዚያ ዘመን ከላይ የሚወርድ ትእዛዝ ብዙ ነበር። በእኛ ሰፈር ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይቀሰቅስ፣ አንድም ቅዳሜ ሳይጎድል የተፈጸመው ግን ይኸው አንዱ ነው። እሱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።