የሰው ልጆች ሁሉ አሳዳጊ

ሀበሻ በተሰባሰበበት ከተማ ሁሉ፣ የጎረቤቱን ልጆች ከወላጆቻቸው በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። በባሕር ማዶዋ የሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ፣ ሱንዱስ ባደገችበት አፓርታማ፣ ይህ ሹመት የጋሼ አብዱልመናን ነበር። ቀን ቀን ታክሲ ይነዳሉ፤ ማታ የወጣቶች ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ክቡርነታቸውን ግን ይህ ከሥራ አግዷቸው አያውቅም።

«ወንድን ልጅ ጠብቁት፤ ሴቷ ራሷን ትጠብቃለች!» ይሉ ነበር። ወንድ ጢም ሲያበቅል ያብዳል፣ ሴት በዚያው ዕድሜ ልብ ትገዛለች። ይህን ያላስረዱት ሰው የለም፤ አማርኛ የማይሰማውን የሕንጻውን ጥገና ሠራተኛ እንኳ ደረጃው ላይ አቁመው በእጅ ምልክት አስተምረውታል።

እነዚያ ተጣጣፊ የእጅ ስልክ የቅንጦት ዕቃ የነበረባቸው ዓመታት ትዝ ሲሏት፣ ሱንዱስ ዛሬም ትስቃለች። ወንድሟ ሀዚም ትምህርት ቤት ተደባድቦ የታገደ ጊዜ፣ ጋሼ ከአጎራባች ከተሞች ከሪችፊልድም ከበርንስቪልም ሽማግሌ ሰብስበው መጡ። በረዶ የያዘ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው፣ ያን ሁሉ ሆነው አንድ ጎረምሳ ሊመክሩ ተቀመጡ። ሱንዱስ ሳምቡሳ ስታዞር ደግሞ ምርቃቱ ወረደ።

«እዩልኝ እቺን! ድምጿ እንኳ አይሰማም፣ ማሻአላህ!» አሉ ጋሼ።

ድምጿ የማይሰማው ከፍቷት ነበር። ጓደኞቿ ካገለሏት ወዲህ ምሳዋን የምትበላው የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ነው። ቤት ስትገባ ሻወር ከፍታ ታለቅሳለች። ሁለት ሥራ የምትሠራው እናቷ ሻሂዳ፣ «የኔ ጭምት፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ትላታለች። እንዲህ ከተባለች በኋላ ከየት ጀምራ ትናገር?

አንገቱን ደፍቶ ሲመከር የቆየው ሀዚም ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ እኔ አይም ፋይን። ኦኬ ያልሆነችው ሱንዱስ ናት። ኤቭሪ ዴይ ሻወር ውስጥ ታለቅሳለች፣ በግድግዳው ይሰማኛል። ኖባዲ አይጠይቃትም!»

ሽማግሌዎቹ ሳምቡሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሻሂዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሱንዱስ ወንድሟን ልትገድለው ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች።

ጋሼ ተነሥተው ትሪውን ከእጇ ተቀበሉና በራሳቸው ወንበር፣ በሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጧት።

«በይ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ዛሬ እኛ እንሰማለን።»

ሚኒስትሩ ካረፉ ቆዩ፤ ሱንዱስም የልጆች እናት ሆናለች። ስለ ወንድና ሴት ልጅ ካሉት አንዱም ልክ እንዳልነበር ታውቃለች፣ ቢሆንም በጣም ይናፍቋታል። ያን ቀን የተናገረችውን ብዙውን ረስታዋለች። የማትረሳው፣ እኚያ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው ትሪ ይዘው፣ እንባዋን ጠርጋ እስክትጨርስ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ መቆማቸውን ነው።