የወንዝ ትሎች ሲመረምሩን

ሌሊቱን በሕልሜ የወንዝ ትሎች ሰው ሲመረምሩ አየሁ።

እኔና እህቴ ውድነሽ ሚኒባስ ውስጥ ነን። ውድነሽ አራስ ናት፤ የሁለት ሳምንት ልጇን ታቅፋለች። ሚኒባሱ ደግሞ ያለው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ነጭ ጋውን የለበሱ ቀያይ ትሎች ጠርሙሱን ከበውታል። ስንት ዘመን የቆዳ ፋብሪካ እጣቢ ስንደፋባቸው ኖረን፣ አሁን ተራው የእነሱ ሆነ።

አለቃቸው፣ መነጽር ያደረገች ወፍራም ትል፣ ከእጣቢው አንድ ጭልፋ በጣሪያው በኩል አፈሰሰችብን።

«ትናንት መስኮት የከፈቱት ሰዎች ይህንኑ ጠጥተው እስከ ማታ ሲጨቃጨቁ ነበር» አለች ለጸሐፊዋ። «ሰውነታቸው መርዙን የሚያስወጣበት አቅም ነበረው። እነዚህ ግን አቅማቸውን ሁሉ ትንፋሽ ፍለጋ ላይ ጨረሱት። ጻፊ!»

ዞር ብዬ ሳይ የውድነሽ ከንፈር ጠቁሯል። ልጇም ማልቀስ ትቷል።

መስኮቱን ልከፍት ስል ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ ዝጊው! በንፋስ ልታስመቺን ነው?» አሉኝ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ።

«አባባ፣ እየሞትን እኮ ነው!»

«ብንሞትም ብርድ ሳይመታን ነው!»

ትሏ ድምፅ አሰጠች። «ይዘጋ» የሚሉት ሁሉ እጅ አወጡ። ራሳቸውን የሳቱትም እንደደገፉ ተቆጠሩ። እኔ ብቻዬን ተሸነፍኩ።

መሸነፍ ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ አራተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ ልጅ ነኝ። እጄን ቢይዙኝ መስኮቱን በጥርሴ ነክሼ ሳብኩት። ተከፈተ! ውድነሽ አየሩን ሳብ አደረገችና ሐምራዊ አረፋ አገሳች።

«ራበኝ» አለች።

«ምርመራዬን አበላሸሽው!» ብላ ትሏ ጮኸችብኝ። ከዚያ ግን ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብላ፣ «እስኪ አንተም ሳብ አርግ፣ የኔ ጌታ» ስትለው—

በኩርኩም ነቃሁ።

ነግቷል። እማዬ ጫማ ይዛ ቆማለች። እኔ የአራሷ ክፍል መስኮት ሥር ነኝ፤ እማዬ ቀዳዳውን የወተፈችበት ጨርቅ አፌ ውስጥ ነው። መስኮቱ ወለል ብሏል።

«አብደሻል? አራስ ልትገድዪ ነው?»

ውድነሽ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ተያት፣ እማዬ። ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ሲያጥወለውለኝ ነው ያደረው። ዓይኔ የተገለጠው ገና አሁን ነው።»

እማዬ አልጋው አጠገብ ያለውን የከሰል ምድጃ አየች። ፍሙ ገና አልጠፋም። ሕፃኑ አነጠሰ፤ ከዚያ ቤቱን በለቅሶ አናጋው።

እማዬ ጫማዋን ጥላ ምድጃውን አንስታ ወደ ግቢ ሮጠች።