ሉዋም ዘአፍንጮ በር አሮጌውን ኮምፒውተር እንደ ሻሩ

«አዲስ ኮምፒውተር አማርኛ አይጽፍም» የሚል ወሬ በአፍንጮ በር በነገሠበት፣ ወሬውንም ልብስ ሰፊው ጋሽ ፍቅሬ ጧትና ማታ እንደ ዳዊት በሚደግሙበት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ ርእሰ ጸሐፍት ወይዘሪት ሉዋም፣ ማንም ሳያስተምራቸው ዐሥሩን ጣት ያሠለጠኑ፣ የማመልከቻ እናት፣ የፎቶ ኮፒ እቴጌ፣ በጽሕፈት ቤታቸው ተቀምጠው የሰፈራቸውን ሙሽራ የምኞትን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲጽፉ፣ አረጋዊው ኮምፒውተራቸው፣ ሲከፈት የአንድ ቅዳሴ ያህል የሚያቆይ፣ እያለከለከ ዐይኑን ከደነ።

ካርዱ በማግሥቱ ካልወጣ ሥራው ማዶ ላለው ጽሕፈት ቤት ያልፍ ነበረ፤ የማዶውም ጽሕፈት ቤት «ሠርግ»ን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ውርደት በአራዳ አልተመዘገበም።

ወእምዝ ጉባኤ ሆነ። እናታቸው ወይዘሮ ዓለምጸሃይ አወጁ፤ «ሰው ዐይኑ ቢደክም መነጽር ይገዛለታል እንጂ ይጣላል? ይታደስ፤ የቤት ልጅ ነው።» ጋሽ ፍቅሬም አወጁ፤ «ይታደስ። አዲሱ አማርኛ አይጽፍም ብያለሁ፤ ኋላ ምኞትን በእንግሊዝኛ ትድሯታላችሁ።»

ሉዋምም የአረጋዊውን ገመድ ነቀሉ። ሲነጋ ወደ ፒያሳ ዘመቱ፤ ጋሽ ፍቅሬ ሜትራቸውን በአንገታቸው አጥልቀው አረጋዊውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ጃንጥላ ለራሳቸው ሳይሆን ለእርሱ ዘርግተው፣ ማውሱም እንደ ምርኮኛ በገመዱ እየተጎተተ ተከተሉ። የታክሲው ወያላም፣ እኔስ ሹመት አንሶኝ ነው ብሎ፣ «ወንበር የያዘ ሁሉ እንደ ሰው ይከፍላል» ሲል አወጀ።

ጠጋኙ የሲን፣ ሠሪም ሻጭም የሆነ፣ ሳይከፍተው ፈረደ፤ «ብታድሱት ሜሞሪ አለኝ፤ ብትተኩት ኮምፒውተር አለኝ፤ የሌለኝ ጊዜ ነው።»

ያን ጊዜ ሉዋም ወደ አዲሱ ቀርበው «ምኞት» ብለው ጻፉ፤ ሠራዊቱ ትንፋሹን ዋጠ፤ ምኞትም ጥርት ብላ ወጣች። ጋሽ ፍቅሬ «ይጽፋል፤ ግን ከልቡ አይደለም» አሉ። ሉዋም ግን አወጁ፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ አሮጌው ተሽሯል፤ ለየሲን ይተውለት። ሙሽራ ቆማ በሽተኛ አናስታምምም።»

ካርዱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣ፤ የማዶው ጽሕፈት ቤት በሩን ገርበብ አደረገ። ከአፍንጮ በር እስከ ምኒልክ አደባባይ እንደ ሉዋም ያለ ቆራጥ፣ እንደ ሉዋም ያለ መርማሪ፣ ምክር ሰምቶ እንደ ሉዋም ምክር የማይቀበል አልተነሣም።

በሳምንቱ የሲን አረጋዊውን ለመለዋወጫ ሊፈታ ጀርባውን ቢያዞረው፣ የአየር መውጫው በሙሉ በፕላስተር ተለጥፎ አገኘ፤ ቢልጠው፣ ኮምፒውተሩ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳይደርስ ተነሣ፤ ሳያለከልክም ዋለ። ነገሩ አፍንጮ በር ሲደርስ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ይህን አወጁ፤ «እኔ ነኝ የለጠፍሁት፤ በዚያ ቀዳዳ ብርድ ይገባው ነበር። የአዲሱንም በመጣ ዕለት ለጥፌለታለሁ።»