በሩ ራሱን የዘጋበት ስብሰባ፦ የሙቱንዱ አሮጌ ባንክ ታሪክ አጽዳቂ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ጃንዋሪ 24 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ቦታ፦ ኬንያ፣ ሙቱንዱ ከተማ፣ አሮጌው ባንክ፣ ካዝና ክፍል ውስጥ (አዳራሹ የወ/ሮ ስዮምቧ ሹሩባ ቤት በመሆኑና ዕለቱም የገበያ ቀን ስለሆነ)

የተገኙ፦
1. መምህር ንዚዮካ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ
2. ወ/ሮ ስዮምቧ ንጉላ፣ አባል፣ ሹሩባ ሠሪ
3. አቶ ሙቲያኒ ኪሲሉ፣ አባል፣ ሥጋ ሻጭ
4. ካቫታ ሙሌ፣ ጸሐፊ፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ያዥ

ያልተገኙ፦ አንድ አባል ልጃቸውን ሊድሩ ሄደዋል። አንድ አባል ባለፈው ስብሰባ "ፍየል" ተብለው አኩርፈዋል። አንድ አባል ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሆኖም የመልቀቂያ ደብዳቤ አላስገቡም። ከሰባት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተከፈተ። ሰብሳቢው ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ። ሕንጻው በአዲሱ መንገድ መስመር ላይ ስለሚገኝ ዛሬ ይፈርሳል፤ ኮሚቴው የተስማማበት የአንድ ገጽ ታሪክ እስከ 4 ሰዓት ለመሐንዲሱ ከቀረበ ግን ይተርፋል። ወ/ሮ ስዮምቧ ሹሩባ ቤታቸውም አብሮ እንደሚፈርስ አስታውሰው፣ ዛሬ እንኳ ቶሎ ቶሎ እንዲባል ለመኑ።

አጀንዳ 1፦ ሕንጻው መቼ ተሠራ?

ሰብሳቢው በ1938 መሆኑን አስረዱ። ማስረጃቸውም ጣሪያው በተመታበት ቀን መወለዳቸውን እናታቸው የነገሯቸው መሆኑ ነው። አቶ ሙቲያኒ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው፣ "መምህር፣ በስድሳ ዓመቴ ብለው ጡረታ የወጡት የዛሬ ሦስት ዓመት አይደል እንዴ? በዚህ ሒሳብ እኮ ስምንት ዓመት በነጻ አስተምረውናል!" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ከአጭር ሳል በኋላ የእናቶች ወሬ ለታሪክ እንደማይበቃ ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሕንጻው "ዱሮ" እንደተሠራ፣ በዚያ ቀን ማን እንደተወለደም እንዳይጠቀስ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የ1961ዱ ዝርፊያ

አቶ ሙቲያኒ አባታቸው የባንኩ ዘበኛ ኪሲሉ ሌባ ካዝና ክፍል ውስጥ ዘግተውበት በጀግንነት እንደያዙ፣ ለዚህም ቢስክሌት እንደተሸለሙ በታሪኩ ውስጥ በጉልህ እንዲሰፍር ጠየቁ። ሌባ የተባሉት የወ/ሮ ስዮምቧ አባት ንጉላ ናቸው።

ወ/ሮ ስዮምቧ አባታቸው ግንበኛ እንደነበሩ፣ የካዝናውን ግድግዳ ያጠናከሩትና የለሰኑት እሳቸው መሆናቸውን፣ በምሳ ሰዓት ለጥላው ብለው እዚያው ካዝናው ውስጥ ጋደም ባሉበት በሩ ራሱን እንደዘጋባቸው ተናገሩ። "አራት ወር ታስሮ ወጣ። እኔ ግን እስካሁን አልወጣሁም። ጸጉር የምሠራላት ሁሉ መጀመሪያ ቦርሳዋን ታቅፋለች!" ብለው ሲያበቁ ጸሐፊዋ ውኃ ሰጠች።

አቶ ሙቲያኒ በሩ ሰው ካልገፋው ንቅንቅ እንደማይል ገለጹ። ወ/ሮ ስዮምቧ ወለሉ ዘመም ያለ መሆኑን፣ በሩን የያዘው ከሥሩ የተወሸቀው ሽብልቅ ብቻ እንደሆነ መለሱ። አቶ ሙቲያኒ "እስቲ እንየዋ!" ብለው ሽብልቁን በእግራቸው መቱት። በሩ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። አቶ ሙቲያኒ "አየሽ አንቺ ሴትዮ!" አሉ። ከዚያም በሩ እያቃሰተ መጥቶ ተዘጋ። ጊዜው 3፡40 ነበር።

ኮሚቴው በሩ ራሱን እንደሚዘጋ በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ (በድንገት የቀረበ)

በሩ ከውስጥ እጀታ እንደሌለው፣ ስልክም እንደማይሠራ ታወቀ። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባለች መተንፈሻ ቀዳዳ ብቻ በመሆኑ ከዚህ በኋላ መስመር ያለፈ ጽሑፍ ለጸሐፊዋ ጥፋት አይቆጠርም። ሰብሳቢው ጩኸት በእጅ ማውጣት ተራ እንዲሆን አሳሰቡ፤ የሚሰማቸው አልተገኘም።

አቶ ሙቲያኒ ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚከተለውን ተናገሩ፦ "አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ሽብልቁን የወሰደው እሱ ነው፤ የሻይ ጠረጴዛው እግር እየተነቃነቀበት። ሲመለስ በሩ ተዘግቷል። ከሥራ እንዳይባረር ፈርቶ 'ሌባ ያዝኩ' አለ። ያንን ቢስክሌት አንድ ቀን እንኳ ነድቼው አላውቅም፤ ኮርቻው ያቃጥለኛል። ስዮምቧ፣ ይቅር በይኝ።"

ወ/ሮ ስዮምቧ ለመሳቅም ለማልቀስም እንደተቸገሩ ገልጸው ሁለቱንም አደረጉ። "በጥፊ ልልህ ነበር፤ ጨለማ ሆኖ ጉንጭህ አልታይ አለኝ" በማለትም አክለዋል። ይቅርታው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 4፦ ከውጭ የመጡ አስተያየቶች

ከ4 ሰዓት ጀምሮ የስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ጸጉራቸው ተሠርቶ ግማሹ የቀረው ደንበኛ ወ/ሮ ንዱኩ ማሽኑ ፊት ቆመው "ሌላው ግማሽ ጭንቅላቴ እዚያ ውስጥ ነው! ንካና እንተያያለን!" ሲሉ በቀዳዳው ተሰማ። መሐንዲስ ዋፉላ የተባሉ ሰው ታሪኩ መቅረብ እንዳለበት ጮኹ። ሰብሳቢው የጸደቀውን በቀዳዳው አነበቡ፦ "ሕንጻው ዱሮ ተሠራ።" መሐንዲሱ ቀሪውን ጠየቁ። ሰብሳቢው ቀሪው በውይይት ላይ እንደሆነ አስረዱ።

የበሩ ቁልፍ ከጠፋ ዘመን ስለሆነው፣ ሰዎቹን ለማውጣት የጓሮው ግድግዳ እንዲበሳ መሐንዲሱ አዘዙ። የስካቫተሩ ሁለት ጥርስ ተሰበረ። ወ/ሮ ስዮምቧ በእያንዳንዱ ምት "የአባቴ እጅ ነው! የአባቴ እጅ ነው!" እያሉ አጨበጨቡ፤ አቶ ሙቲያኒም አብረው ማጨብጨባቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቀዋል። 5፡50 ላይ ፍየል የምታሾልክ ቀዳዳ ተከፈተች። አባላቱ በማዕረግ ቅደም ተከተል ወጡ፤ ሰብሳቢው ወገባቸው ላይ ስለተያዙ ተጎተቱ።

መሐንዲሱ ላባቸውን ጠርገው፣ "ይኼን ከማፈርስ መንገዱን ባጣምም ይቀለኛል" ብለው ካርታቸው ላይ በእርሳስ አጠመሙት።

አጀንዳ 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ስብሰባው በጓሮው፣ በገበያተኛው ፊት ቀጠለ። ሰብሳቢው አቧራቸውን አራግፈው የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ 4 አነበቡ፦ "ስብሰባ በሩ ለሕዝብ ክፍት ካልሆነ ውሳኔው አይጸናም።" በሩ በስብሰባው መሃል ስለተዘጋ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሽሯል።

ወ/ሮ ስዮምቧ "ይቅርታውስ?" ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው "ደንብ ነው እንግዲህ፤ እሱም ተሽሯል" አሉ።

አቶ ሙቲያኒ ወደ ስካቫተሩ ሄደው ጥርሰ ወላቃው አካፋ ላይ ወጡ። ቲማቲም ሻጩም፣ ባለ ዶሮውም፣ ባለ ግማሽ ጸጉሯም ሴት ዞረው አዩአቸው። ሥጋ በሚሸጡበት ድምፃቸው "የሙቱንዱ ሰው ሆይ! ንጉላ ሌባ አልነበረም! ዋሽቶ ያሳሰረው የኔ አባት ነው!" ብለው ጮኹ፤ ከኋላ ያለው አልሰማሁም ስላለም ደገሙት።

ስብሰባው 6፡20 ላይ ተዘጋ፤ ወ/ሮ ስዮምቧ ግን ሦስተኛ ጊዜ እንዲባልላቸው ስለጠየቁ አቶ ሙቲያኒ አልወረዱም።